አባባ ታመሙ፣ ወይኖ ተሸጠ፤ ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን ምን እንሽጥ?

የደምበጫው | ሐምሌ 6 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ የምገባው የበቆሎና የማዳበሪያ ዋጋ ለማየት ነበር፤ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ምክር ፈልጌ ነው። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እኔ ባሕር ዳር ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቤተሰቦቼ ከደምበጫ ወጣ ብሎ ገጠር ናቸው፤ አባባ፣ እማማና ሁለት ታናናሾቼ። ግንቦት 28 ማታ አባባን ሆዳቸውን ቆረጣቸው። ዳማከሴ ተጨመቀላቸው፤ በማግስቱ ጸበል ተወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ማስመለስ ሲጀምሩ ነው ወንድሜ የደወለልኝ። የሰፈር ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት አወጣቸው፤ ጤና ጣቢያው አይቶ ወዲያው ሪፈር ጻፈ። የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ፤ አውቶቡስ አልነበረም፣ በልመና የኮንትራት መኪና ተገኘ። "አንጀታቸው ታጥፏል፤ ዘግይታችኋል" ተባልን። የሞተው ተቆርጦ ወጣ። አሁን ሰገራቸው የሚወጣው በሆዳቸው ጎን፣ በከረጢት ነው። 26 ቀን ተኛን (አባባ አልጋ ላይ፣ እኔ ከአልጋው ሥር)። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰን አንጀቱ ይገጠማል ብለውናል።

ወጪውን በደብተር ይዤዋለሁ፦

የኮንትራት መኪና፣ 14,000
ካርድ፣ ላቦራቶሪ፣ አልጋ፣ ኦፕራሲዮን፣ 6,850
"ከውጭ ግዙ" የተባልነው መድኃኒትና ዕቃ፣ 19,400
በግል ቦታ የተነሣነው ሲቲ ስካን፣ 5,500
የሁለት አስታማሚ ምግብና ማደሪያ፣ 15,600
የመመላለሻ፣ የስልክ፣ ሊጠይቅ ለመጣው ሰው ሻይ ቡና፣ ወደ ቤት መመለሻ፣ 9,200

ድምሩ 70,550። ሆስፒታሉ ራሱ የወሰደው 6,850 ብር ብቻ ነው። ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም! ሰው "ሆስፒታል ጨረሰን" ሲል እሰማ ነበር፤ እኛን የጨረሰን ከሆስፒታሉ ደጅ ውጭ ያለው ነው።

ገንዘቡን ያገኘነው በሬ ሸጠን ነው። ወይኖ በ58,000 ሄደ። ነጋዴው ታማሚ እንዳለን ያውቃል፤ ሲያመን አይቶ ገዛን ማለት ይቀላል። ቀሪው ከደሞዜና ከባለቤቴ ዕቁብ ወጣ። አሁን የቀረው ዳልቻ ብቻውን ነው። ጤፍ ሊዘራ ሁለት ሳምንት አለው፤ የበቆሎው ሽልሻሎ (በቡቃያው መሃል በበሬ የሚታረሰው) አልፎናል፤ ማዳበሪያ የገዛነው በዱቤ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን ቢያንስ 40,000 ያስፈልገናል ብዬ አስቤያለሁ። (1) ዳልቻንም እንሽጥ? (2) ሁለት ቃዳ መሬት ለሦስት ዓመት በኮንትራት እንስጥ? ፈላጊ አለ፤ ገንዘቡን አሁኑኑ ቆጥሮ ይሰጣል። (3) በወር ከመቶ 10 የሚያበድር ሰው አለ፣ ከሱ እንውሰድ?

አንድ ነገር ልናዘዝ። አባባ እስከ 2014 የጤና መድን አባል ነበሩ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንታመም ከፈልን፣ ለማን ብለን ነው" ሲሉኝ፣ "ይተውት፣ እኔ እያለሁ" ያልኳቸው እኔ ነኝ።

---

ቡሬ ገበያ | ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡15

እግዚአብሔር ይማርልህ ወንድሜ። እኔ ከብት እየነገድኩ ያደግሁ ሰው ነኝና ስለ በሬው ልናገር።

ዳልቻን አሁን ብትሸጥ ሁለቴ ትከስራለህ። በሰኔና በሐምሌ በሬ የበጋው ክሳት አለቀቀውም፤ ገና ሣር እየቀመሰ ነው። ለመስከረም ሥጋ ይዞ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ፈላጊ መጥቶ፣ ያው በሬ ሌላ በሬ ነው። ሁለተኛው ኪሳራ ግን ከዋጋው ይከፋል። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን የእኩል ይሰጣል። ዘንድሮ ጤፍህን የእኩል ከሰጠህ ግማሹ ምርት ሄደ። ስለዚህ 58,000 ያልከው በሬ ዋጋው 58,000 አይደለም፤ ጥር ላይ ከጎተራህ የሚጎድለውም ይጨመርበት።

መቀናጆ ፈልግ። በሰፈሩ አንድ በሬ የቀረው ሰው አይጠፋም፤ ዘንድሮማ ሞልቷል። ሁለት ቀን ላንተ፣ ሁለት ቀን ለሱ። የኋላውን መስከረም ላይ እናወራለን።

---

ፀሐይ ሳትወጣ | ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡50

አራጣውን እርሳው። ከመቶ 10 በወር ማለት በዓመት ከዋናው በላይ ነው። 40,000 ወስደህ በዓመቱ ወለዱ ብቻ 48,000። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ጀምሮ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ይላል፤ አራጣ ደግሞ በወንጀል ሕግ ያስቀጣል። አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወረቀቱ ላይ "40,000 ተበደርኩ" አያስጽፍህም፤ "88,000 ተበደርኩ" ነው የሚያስጽፍህ። አጎቴ ፈርሞ ስላየሁ ነው የምናገረው።

ስለ ጤና መድኑ ግን ራስህን አትውቀስ። እኛ ዘንድሮ ከፍለናል። የአባልነት ደብተሩን ይዘን ሄድን፣ "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ" ተባልን። ታዲያ የከፈልነው ለምኑ ነው?

---

ነርሷ | ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 1፡20

ከአዳር ተረኛ ወጥቼ ነው የምጽፈው፤ ስህተት ካለ ይቅርታ።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው፣ ለሌሎቻችሁ። የአንጀት መታጠፍ በኛ አገር ደገኛ ገበሬ ላይ በብዛት የምናየው ነገር ነው። ሆድ ይነፋል፣ ሰገራም ፈስም ይቆማል፣ ቆይቶ ማስመለስ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ አየሩ ወጥቶ አንጀቱ ሊፈታለት ይችላል፤ ኦፕራሲዮኑ ኋላ በቀጠሮ፣ በሰላም ይሆናል። ደም አጥቶ ከሞተ በኋላ ግን መቁረጥ ግድ ነው፤ ከረጢቱም የሚመጣው ያኔ ነው። ጸበሉን አልነቅፍም። እኔም እጠመቃለሁ። ፈስ ከቆመ ግን መጀመሪያ ወደ እኛ፣ ጸበሉ ከዚያ። የጠፋው ሁለት ቀን በብር ቢተመን ከኮንትራት መኪናው ይበልጣል።

@ፀሐይ ሳትወጣ ያልከው እውነት ነው፣ አልክድህም። መድኃኒት ሲጠፋ የምንሰደበው እኛ ነን። ነገር ግን የደምበጫውን ደብተር እንየው። አባል ቢሆኑ ኖሮ 6,850ው ይሸፈን ነበር። ከ19,400ው ሆስፒታሉ ውስጥ የተገኘው ያህል ይሸፈን ነበር። መኪናው፣ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያው ግን አባል ሆነህም ያንተው ነው። ስለዚህ መድኑ ሁሉን ያድናል የሚልም፣ ምንም አይረባም የሚልም፣ ሁለቱም ደብተሩን አላየም።

አሁን ዋናው ነገር። ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን አልጠየቃችሁም፤ ሌሊት መጥቶ በር ሰበረ። ሁለተኛው ግን ቀጠሮ ያለው ነው። "ከሦስት ወር በኋላ" ማለት "ከሦስት ወር በፊት አይሆንም" ማለት ነው እንጂ "በሦስት ወር ካልሆነ ይሞታሉ" ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ከዚያም አቆይቶ ይገጥማል። ምርት ሲገባ የመድኑ ምዝገባ ይከፈታል፤ ያኔ አባል ሁኑ፣ እህላችሁም ጎተራ ገብቷል፣ ከዚያ ግቡ። ዛሬ ተመዝግቦ ነገ መታከም እንደማይቻል ግን አስቡበት፤ የሚጠበቅ ጊዜ አለ። ማቆየቱ ለሳቸው ይሁን አይሁን የሚወስነው ያከማቸው ሐኪም ነው፣ እኔ አይደለሁም። ሂድና ጠይቀው፤ "ብናቆየው ምን ይመጣል?" በለው። ሰው ይህን ለመጠየቅ ያፍራል።

---

ዱርቤቴ | ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 4፡05

መድን ሲነሣ ዝም ማለት አልችልም። ሙከራው በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲጀመር አንዱ የኛ ደቡብ አቸፈር ነበር። ያኔ የቀበሌ ሰው ቤት ለቤት ሲዞር አባቴ "መንግሥት ደግሞ ለበሽታዬ ግብር አመጣ" ብለው ነበር። ጎረቤታቸው በመድን ሆዳቸውን ተቀደው ከዳኑ በኋላ ራሳቸው ቀስቃሽ ሆኑ። የኛ ሰው ካላየ አያምንም፤ ካየ በኋላ ደግሞ አይለቅም።

አንድ ሌላ ነገር፦ የድሃ ድሃ ተብለው በቀበሌ የተለዩትን መዋጮ ወረዳውና ክልሉ ይከፍልላቸዋል። በሬ ያለው ሰው ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። በሬውን ለሕክምና ሸጦ ደሃ የሆነው ደግሞ ዝርዝሩ ከተሠራ በኋላ ነው ደሃ የሆነው። የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ይኸ ነው።

---

እታለም | ሐምሌ 7፣ ከቀኑ 7፡30

ሁላችሁም ስለ በሬ ትጽፋላችሁ። እኔ ባለቤቴን አሥራ አንድ ወር ያስታመምኩ ሴት ነኝ፣ ቢቸና አካባቢ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሄደው በሬ አይደለም። መጀመሪያ የሄዱት ዶሮዎቼ ናቸው። ቀጥሎ ለልጄ ማጫ ብዬ ያስቀመጥኩት የአንገት ወርቅ። ከዚያ ለጠላ ያስቀመጥኩት ጌሾና ብቅል። እነዚህ "ንብረት" ተብለው በማንም ደብተር አልተጻፉም፤ የሴት ናቸውና። ከዚያ ትልቋ ልጄ ከሰባተኛ ክፍል ቀረች። ማንም "ትቅር" አላለም። እኔ ሆስፒታል፣ ቤት ታናናሾቿ፤ እንጀራ ማን ይጋግር? አንድ ቀን ቀረች፣ አንድ ሳምንት ቀረች፣ አበቃ። በሬ ይገዛል፤ ለሷ እስከ ዛሬ ምን እንደምገዛላት አላውቅም።

አንተ ልጅ፣ ታናናሾቼ አሉ ብለሃል። ሴት አለችበት? መስከረም ትምህርት ቤት ትመዘገባለች? ይህን ከዳልቻ በፊት መልስልኝ።

ሌላም አለኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ሽጡ አትሽጡ፣ አቆዩ አታቆዩ ትባባላላችሁ። አባትህን ጠይቃችኋል ወይ?

---

የደምበጫው | ሐምሌ 7፣ ከምሽቱ 1፡10

እትዬ፣ አነበብኩትና ስልኩን አስቀመጥኩት። አዎ፣ አንዷ ሴት ናት፤ ስምንተኛን ጨርሳለች። እማማም ሆስፒታል ከእኛ ጋር ስለነበረች ቤቱን የያዘችው እህቴ ናት። ክልል አቀፍ ፈተናውን ተፈትናለች፣ እንዴት እንዳጠናች እግዜር ይወቀው።

አባባንም አልጠየቅናቸውም። እውነቱን ልናገር፣ ወይኖ መሸጡንም አልነገርናቸውም ነበር። ሆስፒታል ሲነቁ "በሬዎቹ ሣር አገኙ ወይ?" ብለው ጠየቁን። "አገኙ" አልን። ቤት የገቡ ዕለት ከቃሬዛው ሳይወርዱ ወደ በረቱ አዩ። አንድ በሬ ነው የቆመው። ዝም አሉ። ቆይተው "መቀናጆ ማንን ያዛችሁ?" አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

---

አወያይ | ሐምሌ 7፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁለት ምላሾች ላይ የሂሳብ ቁጥር ስለተለጠፈ አንስቻቸዋለሁ። ለመርዳት እንደሆነ ይገባኛል፤ የመድረኩ ደንብ ግን እንደምታውቁት ነው። ወደ ጉዳዩ።

---

ብድር ቤት የሠራሁ | ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 3፡00

አማራ ብድርና ቁጠባ ገና ባንክ ሳይሆን (ፀደይ ባንክ የሆነው በ2014 ነው) ወረዳ ላይ ብድር አስመላሽ ነበርኩ። ከውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። "ለሕክምና ነው" ብሎ የመጣ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። የሚመጣው "ለማድለቢያ ነው" ብሎ ነው። ዓመት ሲሞላ ቤቱ እንሄዳለን፤ የደለበ በሬ የለም፣ አልጋ ላይ ሰው አለ። በቡድን ዋስትና ስለሆነ ጎረቤቶቹ ይከፍሉለታል፤ ከዚያ ወዲያ በለቅሶም በሠርግም ዓይን ለዓይን አይተያዩም። የገንዘቡ ዕዳ ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ የጎረቤት ቂም ግን የልጅ ልጅ ይደርሳል። ብድር አትውሰድ አልልም፤ የምትወስደውን ለምን እንደሆነ ለዋሶችህ ንገራቸው። አውቀው የፈረሙ ሰዎች ሲቸግርህ ይታገሡሃል።

የመሬቱን ኮንትራት በተመለከተ፦ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ሦስት ዓመት የሚለው ለምን ይመስልሃል? የአንድ ዓመት ኪራይ በሦስት ዓመት ዋጋ አይሰጥህም፤ የሦስት ዓመቱን በአንድ ዓመት ተኩል ዋጋ ነው የሚወስድህ። መስጠት ካለብህ አንድ ቃዳ፣ ለአንድ ዓመት፣ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በተመዘገበ ውል። ዛፍ ሥር የተፈረመ ወረቀት ስንት ወንድማማች እንዳጋደለ የጎጃም ሰው ይጠፋዋል?

---

ግሽ ዓባይ | ሐምሌ 8፣ ከቀኑ 8፡20

እኔ የምጠይቀው ስለ ዕድሩ ነው። ዕድራችሁ የት ነበር? አባትህ ምናልባት ሠላሳ ዓመት ያዋጡ ሰው ናቸው።

---

ፀሐይ ሳትወጣ | ሐምሌ 8፣ ከቀኑ 8፡35

@ግሽ ዓባይ ዕድር የሚመጣው ስትሞት ነው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ለሬሳ ነው የተገዛው። ታመህ ብትጠይቃቸው "ደንባችን አይፈቅድም"፤ ብትሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ንፍሮው ይቀቀላል።

---

የደምበጫው | ሐምሌ 8፣ ከቀኑ 9፡00

እንዲህ እንኳ አትበል ወንድሜ። ቃሬዛውን የተሸከሙት የዕድሩ ሰዎች ናቸው። በሌሊት፣ በጭቃ፣ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ። ያንን በደብተሬ አልጻፍኩትም፤ ዋጋው ስንት ብዬ ልጻፍ? እውነት ነው ብር አልሰጡንም።

---

ዱርቤቴ | ሐምሌ 8፣ ከምሽቱ 12፡50

የኛ ሰፈር ዕድር ከአራት ዓመት በፊት ደንብ ጨምሯል። ትልቅ ክርክር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ "በሽታ ማለቂያ የለውም፣ ሞት አንዴ ነው፤ ካዝናው ለበሽታ ከተከፈተ ለቀብር አይተርፍም" አሉ። ትክክል ናቸውኮ! በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሪፈር ወረቀት ይዞ የመጣ አባል የተወሰነ ብር ያለ ወለድ ይበደራል፣ ምርት ሲገባ ይመልሳል፤ ስጦታ የለም። እስካሁን ያልመለሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሞቶ ነው። ከቀብር ገንዘቡ ላይ ተቀነሰ። (ይህን ስጽፍ አፍሬያለሁ፣ ግን ሆኗል።)

---

ተማሪው | ሐምሌ 9፣ ከጠዋቱ 2፡15

ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። በትምህርታችን የአንድ ቤተሰብ የጤና ወጪ ከጠቅላላ ፍጆታው ከመቶ 10 ካለፈ "አውዳሚ" ይባላል፤ ዓለም አቀፍ ንጽጽር ሲደረግ ከመቶ 25 የሚለውንም መስፈርት ይጠቀማሉ። የደምበጫው 70,550 ከዓመት ፍጆታችሁ ስንት እጅ ይሆናል? ለጥናት ሳይሆን ለማወቅ ነው።

---

ቡሬ ገበያ | ሐምሌ 9፣ ከጠዋቱ 2፡40

@ተማሪው ልጄ፣ ወይኖ ከጥማዱ እጅ ስንት ነው? ከመቶ 50። እንዲህ ብለህ ጻፈው።

---

ተማሪው | ሐምሌ 9፣ ከጠዋቱ 2፡52

እሺ ጋሼ። ግን ነጥቤን አልሳቱት። መስፈርቱ የሚቆጥረው ከኪስ ወጥቶ ለሕክምና የተከፈለውን ነው። መኪናውንና የአስታማሚውን ምግብ ብዙ ጊዜ አይቆጥርም። የቀረውን ሽልሻሎማ ጨርሶ አያውቀውም። ለዚህ ነው የጠየቅሁት።

---

ነርሷ | ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3፡30

ማቆየት ይቻላል ካልኩ በኋላ ሕሊናዬ አላስተኛኝም። ማቆየትም ዋጋ አለው፣ ልናገረው ይገባል። ከረጢቱ በየጊዜው ይገዛል፤ ሲጠፋ ሰው ፌስታል ያስራል፣ ቆዳ ይላጣል፣ ቁስሉ ሌላ ሕክምና ይሆናል። ቆዳውን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቀዳዳውን በልኩ መቁረጥ፤ ይህን እናትህ ወይም እህትህ በደንብ ትማር። ሌላው ብር የማይገልጸው ነው። ከረጢት ያለባቸው ብዙ አባቶች ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆማሉ፤ ሰንበቴ አይቀመጡም፤ "እሸታለሁ" ይላሉ። እትዬ እታለም እንዳሉት፣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

---

የደምበጫው | ነሐሴ 14 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡00

ሰነበትኩ። የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ በአንድ ልመልስ።

ሐምሌ 20 ገጠር ወረድኩ። መቀናጆ ተገኘ፤ ከወንዙ ማዶ ያለ፣ እሱም በሬው የሞተበት ሰው። ዳልቻ መጀመሪያ አልስማማም ብሎ ሁለት ቀን ቀንበር ሰበረ፣ ከዚያ ለመደ። ጤፉ አምስት ቀን ዘግይቶ ተዘራ። አንዱን ቃዳ ግን ወንፈል ይዘን እንኳ አልደረስንበትም፤ ለአንድ ዓመት የእኩል ሰጠነው፣ ውሉ ተመዝግቧል።

አባባን ጠየቅኳቸው። እማማም እህቴም ባሉበት፣ ደብተሩን ዘርግቼ አነበብኩላቸው። 70,550ን ሲሰሙ "ሰው ይህን ያህል ያወጣል?" አሉ፣ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ። ከዚያ ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳቸው፤ ጠይቄው ነበር፤ "ቁስሉ ደህና ነው፣ ጥርም ይሁን የካቲት ችግር የለውም፣ ከዚያ በፊት ትኩሳት ወይም ሕመም ካለ ግን ወዲያው" ብሎኛል።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አመጡ። "ከመንደሩ ማዶ ያለው ሰው ሁለት ኩንታል ጤፍ ከኔ አለበት" አሉ። የአምናው ነው። ሌላው ደግሞ 9,000 ብር፤ ባሕር ዛፍ ሸጠውለት ያልተከፈላቸው። እማማ አታውቅም፣ እኔ አላውቅም፣ ወረቀት የለም። በዚያች ሌሊት አርፈው ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለቱም አብረዋቸው ይቀበሩ ነበር። እህቴ ወዲያው በደብተሩ ጀርባ ጻፈችው፤ "ሌላስ?" አለቻቸው። ሌላም ነበር። እኛ ያለብን ዕዳም ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ ብላ ጻፈች።

የወሰኑት እንዲህ ነው። ዳልቻ አይሸጥም። ከወንዙ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ለመስከረም ይቆረጣል፣ የማዳበሪያው ዱቤ በሱ ይከፈላል። ምርት ሲገባ መጀመሪያ የጤና መድን፣ ከዚያ የካቲት ላይ ኦፕራሲዮን። "ጥር አይሆንም፤ ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል፣ ቤቱን ሆስፒታል አናደርገውም" አሉ። ስለ ሰንበቴው ስጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም። እማማ ኋላ ለብቻዬ ጠርታ "ሌሊት ሌሊት ለብቻው ይሄዳል፤ ቅዳሴ ሳይጀመር ደጀ ሰላሙን ስሞ ይመለሳል" አለችኝ።

እህቴ ዘጠነኛ ትገባለች። ዩኒፎርሟን እኔ ገዝቻለሁ።

---

እታለም | ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 2፡25

ተመስገን። ያቺን ደብተር የምትይዘው እህትህ ትሁን፣ አንተ ደብተሯን ባሕር ዳር አትውሰዳት።

---

ቡሬ ገበያ | ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 2፡50

የሁለት ኩንታሉን ጤፍ ሰውዬ አሁን አትጠይቁት፤ ነሐሴ ላይ ማንም የለውም፣ ትጣላላችሁ። ኅዳር አጨዳ ላይ አባትህ ራሳቸው አውድማው ድረስ ይሂዱ። ምንም አይበሉ፣ ቁጭ ይበሉ ብቻ። ባሕር ዛፉን ደግሞ በቁሙ በጅምላ አትሽጡት፣ በፍሬ አስቆጥሩ።

---

የደምበጫው | ነሐሴ 15፣ ከጠዋቱ 1፡05

እሺ ጋሼ። በፍሬ ስንት ስንት እየሄደ ነው ግን፣ ቡሬ መስመር? ለአጥር የሚሆነውንና ለቤት ማገር የሚሆነውን ለይተው ቢነግሩኝ።